የቅድስት ሥላሴ መካነ መቃብር ሐውልቶች፦ ጠጋ ብሎ ያያቸው አለ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ አዲስ አበባ የድሮ ቤቶች ብዙ ተብሏል። ስለ ፒያሳ፣ ስለ ጣይቱ ሆቴል፣ ስለ ለገሃር። ስለ መቃብሮቿ ግን ማንም አንስቶ አላየሁም፤ እስቲ እኔ ልጀምረው።

አራት ኪሎ ያለውን የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የማያውቅ የለም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ወይ ለቅዳሴ ነው ወይ ለቀብር። ለቀብር የሄደ ደግሞ ልቡ ለቅሶው ላይ ነው፣ ዙሪያውን አያይም። ቀብር በሌለበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጸሐይዋ ገና በጎን ሳለች ሂዱና እዩት። ሌላ ግቢ ነው የሚሆንባችሁ።

ካቴድራሉ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ ነበር። ወረራው መጣ፣ ሥራው ቆመ። አገር ነፃ ስትወጣ ተፈጸመና የነፃነቱም መታሰቢያ ሆነ። በግቢው ውስጥ ለአርበኞች የተለየ ስፍራ ያለው ለዚህ ነው። ውስጥ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር አለ፤ በአክሱም ሥራ አምሳል የተጠረበ ግዙፍ ግራናይት። እቴጌ ያረፉት በየካቲት 1954 ነው። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ሞቱ፣ አፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፣ ከዚያ ለዓመታት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆየና ጥቅምት 26 ቀን 1993 እዚህ ዐረፈ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተገደሉት ባለሥልጣናትም አሉ፣ እነ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ እነ እንዳልካቸው መኮንን። እነሱም ከጅምላ ጉድጓድ ወጥተው በወጉ የተቀበሩት በ1984 ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አለ። ጥላሁን ገሠሠ አለ። አፈወርቅ ተክሌ አለ። አቡነ ጳውሎስና አቶ መለስ ዜናዊ ደግሞ በአንድ ወር፣ በነሐሴ 2004፣ በአሥር ቀን ልዩነት ነው የተቀበሩት።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን ውይይት የከፈትኩት ስማቸው ስላልገነነው ሰዎች ድንጋይ ልናገር ብዬ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ የተሠሩትን ጠጋ ብላችሁ እዩ። እምነ በረዱ ነጭ ነበር፣ አሁን ወደ ቢጫ አድልቷል። ፊደሉ በመሮ ተቆፍሮ ጥቁር ቀለም ገብቶበታል። በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ አለ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው በጥንቃቄ የተቆፈሩ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፱፻፵፫ ብሎ ሲጽፍ ከላይና ከታች ያለውን ሰረዝ እንኳ አይዘለውም። መስመሩ ካለቀበት ቃሉን ከመሃል ቆርጦ ወደ ታች ያወርዳል፣ ልክ የብራና ጸሐፊ እንደሚያደርገው። ያንን ድንጋይ የጠረበው ሰው ማንበብና መጻፍ የተማረው ቤተ ክህነት እንደሆነ እጁ ይመሰክራል።

በሐውልቱ ላይ የሟቹ ስም አለ። ማዕረጉ አለ፣ ፊታውራሪ፣ ብላታ፣ ሻለቃ። ያሠሩለት ልጆቹ አሉ። የጠራቢው ስም ግን የለም። እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ሥራውን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

ብሩክታዊት፦

በጣም ደስ የሚል ርእስ ነው። እኔ እዚያ የምሄደው ለሲልቪያ ፓንክረስት ስል ነው። ከአርበኞቹ ጋር የተቀበረች የውጭ አገር ሰው ናት፤ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት። ለማያውቁ፦ እንግሊዛዊት ናት፣ በአገሯ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ብዙ ጊዜ ታስራለች። ጣሊያን ሲወረን ደግሞ የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሷ አደረገችው። አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል ጋዜጣ ጀምራ ዓለም እንዳይረሳን ዓመታት ሙሉ ስትጮህ ኖረች። በ1948 ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953፣ በመስቀል ቀን ነው። በቀብሯ ላይ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል። የታሪክ ተመራማሪው ልጇ ሪቻርድም በ2009 ሲያርፍ እዚያው ሥላሴ ተቀበረ።

ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ በመጀመሪያ የምወስዳቸው እዚያ ነው። ስለ ወረራው በክፍል ውስጥ ሳወራ የሚያዛጋ ልጅ ድንጋዩ ፊት ሲቆም ይጠይቃል። «እንዴት ፈረንጅ እዚህ ተቀበረች?» ይላል። በቃ፣ ትምህርቱ ከዚያ ይጀመራል።

መሮና መዶሻ፦

የአራት ኪሎ ልጅ፣ ጥያቄህ እኔን ነው የሚመለከት። ሐውልት ሠሪ ነኝ፣ አባቴም በዚሁ ሥራ ነው ያሳደገን። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ድሮ ሥራው እንዲህ ነበር። ቤተሰብ ጽሑፉን በወረቀት ያመጣል። ሠራተኛው ድንጋዩን ያለሰልሳል፣ በክር መስመር ይመታል፣ ፊደሉን በእርሳስ ይነድፋል፣ ከዚያ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር አይቶ ክፍተቱን ያስተካክላል። ይሄ ማስተካከል ነው ትልቁ ሥራ። የእኛ ፊደል ወርዱ እኩል አይደለም፤ «ሐ» እና «ነ» አንድ ቦታ አይበሉም። በመስፈሪያ እኩል ብታስቀምጣቸው ጽሑፉ የተበተነ ይመስላል። የድሮዎቹ በዓይን ነበር የሚመዝኑት። ቀጥሎ በመሮ ይቆፈራል። የጉድጓዱ ጎን ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ተዳፋት ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። እንዲህ ሲሆን ብርሃን ሲያገኘው ጥላ ይይዛል፣ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ይነበባል። አንተ ያየሃቸው እስከ ዛሬ የሚነበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከባዶቹ ክቦቹ ናቸው። «ዐ»፣ «ፀ»፣ «ቀ»። «ዐ» ስትቆፍር መሃል ላይ የምትቀረው ትንሽ ክብ ድንጋይ በቀላሉ ትፈነቀላለች። አንዴ ከሄደች ሄደች ነው። ወይ ሙሉውን ፊት ዝቅ አድርገህ እንደገና ታለሰልሳለህ፣ ወይ ድንጋይ ትቀይራለህ። አባቴ ክቡ ላይ ሲደርስ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም ነበር።

አሁን በማሽን ነው። ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ ይዘጋጃል፣ ላስቲክ ላይ ይቆረጣል፣ ላስቲኩ ድንጋዩ ላይ ይለጠፍና አሸዋ በኃይለኛ አየር ይነፋበታል። ላስቲክ ያልሸፈነው ይበላል። ፈጣን ነው፣ ፊደሉም ወጥ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም፤ ቀለሙ ሲለቅ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ጥቁር ግራናይት ላይ ደግሞ ፎቶ በሌዘር ይወጣል። ሰው ይወደዋል፣ እኔም እሠራዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ነጩ እምነ በረድ በብዛት ከቤኒሻንጉል ከዳለቲ የሚመጣው ነው፣ ጥሩ ድንጋይ ነው፣ እጅ ይታዘዛል።

ስም ለምን አይጻፍም ላልከው፣ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የሌላ ሰው መቃብር ላይ የራስን ስም ማስቀመጥ አይታሰብም። አንዳንድ ሠራተኛ ግን ምልክት ይተዋል። ከታች፣ መሬት ከሚነካው ጠርዝ ላይ፣ አንድ ፊደል ወይ ትንሽ መስቀል። ፊት ለፊት ቆመህ አታያትም፣ ማጎንበስ አለብህ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

@መሮና መዶሻ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን አንድም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ስለ ጠርዙ ምልክት ያልከው እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ቅርጹን የሚመርጠው ማን ነው? የተገለጠ መጽሐፍ የሚመስለው፣ የወታደር ቆብ ያለበት፣ መስቀል ብቻ የሆነው። ቤተሰብ ነው ወይስ እናንተ?

መሮና መዶሻ፦

ቤተሰብ ነው፣ ግን አይቶ ነው የሚመርጠው። «እንደ እዚያኛው አድርግልን» ብለው በጣት ያሳዩሃል። ስለዚህ አንድ አዲስ ነገር ሲሠራ በዓመቱ አምስት ስድስት ወንድም ያገኛል። አስተማሪ ከሆነ መጽሐፍ፣ ወታደር ከሆነ ቆብና ኒሻን፣ ሹፌር ከሆነ መኪና ያሠሩ አሉ። ጥቅሱም እንደዚያው ነው፤ «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ፥ ሩጫውን ጨርሼአለሁ፥ ሃይማኖትን ጠብቄአለሁ» የሚለውን ስንት ድንጋይ ላይ እንደጻፍኩት አላውቅም። ጊዜም ያስቸኩላል። ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ መድረስ አለበት፣ ተዝካሩ ተደግሶ ሐውልቱ ሳይመረቅ ቢቀር ለቤተሰቡ ትልቅ ሐፍረት ነው።

ወንዴ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሐውልት በሚባል ነገር አልስማማም። ጎረቤቴ እናቱን ቀብሮ ሐውልት ለማሠራት ከእድር ያገኘው አልበቃ ብሎት ተበድሯል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈልላቸው አጥተው ነበር ያን ዓመት። ካላሠራ ደግሞ «እናቱን ጥሎ» ይባላል። እናንተ ስለ ጥበቡ ታወራላችሁ፣ ጥበቡ የሚሠራው ግን በሰው ዕዳ ነው። ድሮ ገጠር ድንጋይ ይከመርበታል፣ ቄሱ ይፈታሉ፣ አለቀ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

ወንዴ፣ ያነሳኸው እውነት ነው፤ በዚህ ጉዳይ እድሮችም ቤተ ክርስቲያንም ቁርጥ ያለ ነገር ቢናገሩ ጥሩ ነበር። ማንም ሰው ለሐውልት ብሎ መበደር የለበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የተሠራው አንዴ ተሠርቷል። ሰባ ዓመት የቆመ ድንጋይ አሁን የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፣ የከተማዋም ነው። ሰው ምን ማዕረግ ነበረው፣ ከየት መጣ፣ የት ዘመተ፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ ድንጋዩ ላይ አለ። የቀበሌ መዝገብ በማይደርስበት ዘመን ይህን የያዘው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ኑሪያ የኮልፌ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔም የወንዴን ሐሳብ በከፊል እጋራለሁ። በእኛ ዘንድ መቃብር ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ በላዩ ላይ መገንባት አይወደድም። ኮልፌ አያቴን ስንቀብር አፈሩ ተመለሰ፣ ከራስጌው ድንጋይ ተተከለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተመለስን። ሀብታሙም ድሃውም እንዲያ ነው። ያጽናናኛል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የአባቴ ወገን አርሲ ነው። በአርሲ መንገድ ዳር የምታዩአቸውን መቃብሮች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድንጋዩ ላይ የሟቹ ፈረስ አለ፣ ጦሩ፣ ጠመንጃው፣ ከብቱ፣ በቅርጽም በቀለምም። ሰማያዊው ቀለም ከሩቅ ይጠራችኋል። አንድም ፊደል ሳይጻፍ ሰውየው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ልጅ ሆኜ በመኪና ስናልፍ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ፈረሰኛ ነበር፣ ይሄ ባለ ብዙ ከብት» እያለ ያነብልን ነበር። ከአዲስ አበባ ድንጋይ ጋር ይህንንም አስቡት።

መምህር ዘእንጦጦ፦

ኑሪያ ያነሳችው ወሳኝ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው መቃብር ላይ ድንጋይ ማቆም ከፈረንጅ የመጣ ይመስለዋል። የአክሱም ሐውልቶች ምንድን ናቸው? የመቃብር ምልክቶች እኮ ናቸው። ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ነው። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ 33 ሜትር፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ። በር ተቀርጾበታል፣ መቆለፊያው ሳይቀር። መስኮት አለው፣ የእንጨት ወራጆቹ ጫፍ እንኳ በድንጋይ ወጥቷል። ለሟቹ ፎቅ ቤት ነው የሠሩለት። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጢያ አለ፣ 36 ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ ሰይፍና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው። እነሱም መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው።

ስለዚህ ድንጋዩ የእኛ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አዲስ የሆነው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ ተራ ሰው የሕይወት ታሪኩን በድንጋይ ማስጻፉ ነው፤ ይህ ድሮ የነገሥታት ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ነው። ያቺ ሞላላ የሸክላ ፎቶ፣ ሐውልቱ አናት ላይ የምትገባው። ፎቶን ሸክላ ላይ አንጥሮ ማውጣት ፈረንሳይ ውስጥ በ1854 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የወጣበት ጥበብ ነው፤ ከዚያ በአውሮፓ ተስፋፍቶ፣ ጣሊያን ውስጥ በተለይ፣ ወደ እኛም መጣ። በእቶን ስለሚተኮስ ቀለሙ አይለቅም። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሰውየው ግን ከነ ካባው፣ ከነ ጢሙ ቁልጭ ብሎ ታዩታላችሁ።

ሥላሴን ያየ ሰው በዓታንም ይይ። የዐፄ ምኒልክ መቃብር ቤት ነው። ወለሉ ላይ ያለውን የብረት መዝጊያ ከፍተው በጠባብ ደረጃ ያወርዷችኋል። ምኒልክ መሃል፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ በግራና በቀኝ። ሥላሴ ያለው ግራናይት አደባባይ ነው፣ ለሕዝብ እንዲታይ የተሠራ። በዓታ ግን ከመሬት በታች ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አይቶ ማወዳደር ብዙ ያስተምራል። ዘመነ መንግሥቱ ስለ ራሱ ምን ያስብ እንደነበር ከአዋጅ ይልቅ ከመቃብሩ ይገባኛል።

ሯጩ ከሽሮ ሜዳ፦

ወገን፣ ቅዱስ ዮሴፍን አትርሱ እንጂ! አበበ ቢቂላ እዚያ ነው። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ ገና በሳምንታት ውስጥ ሮጦ ያሸነፈ ሰው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዐረፈ፣ ገና አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። የሜክሲኮው የማራቶን አሸናፊ ማሞ ወልዴም በግንቦት 1994 ሲያርፍ እዚያው ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ። ሦስት የኦሎምፒክ የማራቶን ወርቅ በአንድ መካነ መቃብር! ሌላ የት አገር አለ? ከልምምድ ስመለስ አልፎ አልፎ እገባለሁ። ጎብኚ ብዙም አይታይም። ውጭ አገር ቢሆን ሰልፍ ተይዞ ነበር የሚገባ።

ብሩክታዊት፦

ሯጩ ልክ ነህ። ሌላም አለ፣ ጉለሌ። የውጭ አገር ሰዎችና የጦር መቃብሩ ያለው በዚያ በኩል ነው። በ1933 ጣሊያንን ከእኛ ጋር ሆነው ሲያስወጡ የሞቱ የእንግሊዝ ግዛት ወታደሮች ያሉበት። የእነሱ ሥርዓት ደግሞ የተለየ ነው። ጄኔራልም ይሁን ተራ ወታደር ድንጋዩ እኩል ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወሰኑት ነገር ነው፣ በሞት ማዕረግ የለም ብለው። ወንዴ ያነሳውን ጥያቄ እነሱ በዚህ ነው የመለሱት። ኑሪያ ስለ ኮልፌ ያለችውም ያው ነው፣ በሌላ መንገድ።

እታለም ከሜሪላንድ፦

ሰላም ውድ ወገኖቼ። ውይይቱን ሳነብ አለቀስኩ። አባቴ በአንድ የአዲስ አበባ ደብር ነው የተቀበሩት፣ ስሙን እዚህ አልጠራም። ወንድሜ በቀደም ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ ድንጋዩ ጠቁሯል፣ አረንጓዴ ነገርም በቅሎበታል፣ ጽሑፉ አይነበብም። የአክስቴ ልጅ «በአሲድ ይታጠብ፣ አዲስ ይሆናል» ይላል። ሌላው ደግሞ አፍርሰን በጥቁር ግራናይት እናሠራው ይላል። ያንን ድንጋይ እናቴ ናት ያሠራችው፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ። እኔ እንዲነካብኝ አልፈልግም። መሮና መዶሻ፣ ወንድሜ፣ ምን ትመክረኛለህ?

መሮና መዶሻ፦

እታለም እህቴ፣ እባክሽን አሲድ እንዳያስነኩት። ዛሬውኑ ደውይላቸው። እምነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሎሚና ኮምጣጤ እንኳ ይበሉታል፣ የባትሪ አሲድማ አይወራ። ላዩ ሲነጣ የታጠበ ይመስላል፤ የሄደው ግን ቆሻሻው ብቻ አይደለም፣ የፊደሉ ጠርዝም ነው። ከዚያ በኋላ ላዩ ሻካራ ስለሚሆን ቆሻሻውን በእጥፍ ይይዛል። በረኪናም አይሆንም። የሽቦ ብሩሽም አይሆንም።

እንዲህ ይደረግ። ንጹሕ ውሃ በደንብ ይፍሰስበት፣ ድንጋዩ ጠጥቶ ይጥገብ። ከዚያ ለስላሳ የጸጉር ብሩሽ ይዞ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ማሸት። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ደረቁ ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል። አረንጓዴው በአንድ ቀን ካልለቀቀ ይተዉት፣ በሌላ ቀን ይደገም። በእንጨት ስንጥር ከፊደሉ ውስጥ አፈሩን ማውጣት ይቻላል፣ በብረት አይሆንም። ዙሪያው ላይ ሲሚንቶ እንዳይለጥፉበት፣ ከታች ውሃ ይዞ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል።

ለማንበብ ደግሞ ማጽዳት ላያስፈልግሽ ይችላል። ወንድምሽ አመሻሽ ላይ ይሂድ፣ የስልኩን መብራት ከድንጋዩ ጎን አስጠግቶ ያብራ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ከዚያ ፎቶ ያንሳ። እናትሽ ያሠሩትን ድንጋይ አታፍርሱት፤ ጽሑፉ ከተገኘ እኔ ወይም ሌላ ባለሙያ በነበረው ጉድጓድ ላይ ቀለሙን መመለስ እንችላለን።

እታለም ከሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይባርክህ። አሁኑኑ እደውላለሁ።

ወንዴ፦

እታለም፣ እኔም ልርዳሽ። ደብሩን በውስጥ መስመር ንገሪኝና ከወንድምሽ ጋር አብሬው እሄዳለሁ። የተናገርኩት ስለ ዕዳው ነው እንጂ የናትሽን ድንጋይ አይደለም።

መምህር ዘእንጦጦ፦

አንድ አሳሳቢ ነገር ላንሳ። ቦታ የለም። ከተማው ሞልቷል፣ ግቢዎቹም ሞልተዋል። በብዙ ደብር ግድግዳ ላይ «የዘመዶቻችሁን አፅም እስከዚህ ቀን አንሱ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። አፅሙ ተለቅሞ ወደ ፉካ ይገባል ወይ ወደ አንድ የጋራ ስፍራ ይሄዳል። ደብሮቹን መውቀስ ያስቸግራል፣ ለአዲስ ሟች ቦታ መስጠት አለባቸው። ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዱ ውጭ አገር የሆነ ግን ማስታወቂያውን ማን ያነብለታል? አፅሙስ ይነሣ፣ ድንጋዩ የት ይሄዳል? በአንድ ግቢ ውስጥ የ1940ዎቹ እምነ በረድ ተገልብጦ የጭቃ መሻገሪያ ሆኖ አይቻለሁ፤ ከጠርዙ በኩል «ወይዘሮ» የሚለው ገና ይነበብ ነበር።

መቃብር ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው። ያቺ ቆርቆሮ ጣራ፣ የብረት መስኮት ያላት ትንሽ ቤት። ባለቤቱ ቤተሰብ ሲጠፋ መነኮሳት ወይ የቆሎ ተማሪ ይገቡበታል። ይህ እንኳ መልካም ነው፣ ቤቱ ሰው ስላለበት ይጠበቃል። በትልቅ ዝናብ ጣራው የወረደ ግን ማንም አይጠግነውም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

መምህር፣ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ድንጋዩን ሁሉ ማዳን አንችልም። መመዝገብ ግን እንችላለን፣ ስልክ የሌለው የለም። ሐሳቤ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የድሮ ሐውልት ሦስት ፎቶ፦ አንድ ሙሉውን ከነ ዙሪያው፣ አንድ ጽሑፉን በጎን ብርሃን፣ አንድ የታችኛውን ጠርዝ። ጽሑፉን ሁለት ነጥቡን ሳይተው፣ ፊደሉን ሳያርም፣ እንዳለ መገልበጥ። «ሠ» ካለ «ሠ»፣ «ሰ» ካለ «ሰ»። ቦታውን በሰሜን በምሥራቅ ብሎ መጻፍ። ከ1967 በፊት በተሠሩት ብንጀምር ይሻላል፣ የቅርብ ሟቾችን ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አናውጣ። መጀመሪያ ግን ከካቴድራሉ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ካሜራ ይዞ መቃብር ላይ መዞር ለሐዘንተኛም ክብር አይደለም። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ኑሪያ የኮልፌ፦

እኔ የአርሲውን እወስዳለሁ። የአጎቴን ልጆች አስነሥቼ ከአሰላ ወደ በቆጂ ባለው መንገድ እንጀምራለን። ባለቤቶቹን እየጠየቅን፣ ማን እንደሠራውም ጭምር። እዚያ ሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ ይባላል።

ሯጩ ከሽሮ ሜዳ፦

ዮሴፍ የኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

መሮና መዶሻ፦

ትናንት የአራት ኪሎ ልጅ በውስጥ መስመር የላከልኝን ፎቶዎች ለአባቴ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስልኩን በጣም አቅርበው ነው ያዩት። የሁለቱን ሐውልት ፊደል አስተያይተው «የአንድ ሰው እጅ ነው» አሉ። እንዴት አወቁ ብላቸው «ሥ»ን አሳዩኝ። የመሃሉ እግር ከሌሎቹ ዝቅ ይልና ወደ ግራ ትንሽ ይዞራል። በሁለቱም ድንጋይ ላይ እንደዚያ ነው። «ፊርማው እሷ ናት» አሉ። ስሙን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ በወጣትነታቸው የጉልበት ሠራተኛ ሆነው የገቡበት የሐውልት ሥራ ቤት አለቃ እንዲህ ይጽፍ ነበር፣ ሆኖም ከእሱም የተማሩ አሉ፣ ሳላይ አልምልም አሉኝ። የታችኛውን ጠርዝ ማየት ይፈልጋሉ። ደጋግፌ አመጣቸዋለሁ፣ ደረጃ ከሌለበት በኩል የሚገባ በር ካለ ንገሩኝ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

አለ። መኪናውን ጥላ ስር ማቆምም ይቻላል፣ ወንበር እኔ አመጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ይመቻቸዋል? ፈቃዱ እስከዚያ ካልደረሰ ያለ ካሜራ እናያለን። ሁለተኛው ድንጋይ ጠርዙ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ አፈሩን ለማንሳት ግን ቤተሰቡን ማግኘት አለብን፣ ስማቸው ድንጋዩ ላይ አለ፣ ከደብሩ ሽማግሌዎች ጠይቄ ከቅዳሜ በፊት እነግርሃለሁ።